የሥራ ጫናና ራስን የማጥፋት ስጋት፦ በባሕር ዳርና በጣና ዳርቻ ያሉ የጤና ባለሙያዎች ደጋግመው የሚጠይቁት

ይህ ገጽ ለነርሶች፣ ለአዋላጆች፣ ለጤና መኮንኖች፣ ለሐኪሞችና ለኢንተርኖች፣ ለላብራቶሪና ለፋርማሲ ባለሙያዎች፣ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ እንዲሁም ከእነሱ ጋር አብረው ለሚያድሩት የጽዳት፣ የካርድ ክፍልና የጥበቃ ሠራተኞች ነው።

ይህን የሚያነቡት ራስን የማጥፋት ሐሳብ መጥቶብዎት ከሆነ የቀረውን ለሌላ ቀን ያቆዩት። ብቻዎን ካሉበት ክፍል ይውጡና ሰው ካለበት ይቀመጡ። ለሚያምኑት አንድ ሰው ደውለው «ራሴን እንዳላጠፋ ፈርቻለሁ፣ ና አጠገቤ ሁን» ይበሉት። ከእሱ ጋር ሆነው ወደሚቀርብዎ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ፤ በባሕር ዳር ያሉት ሁለቱ ሆስፒታሎች፣ ፈለገ ሕይወትም ጥበበ ግዮንም፣ ድንገተኛ ክፍላቸው ሌሊት ክፍት ነው። ሐሳቡ እጅግ የሚበረታበት ጊዜ ብዙውን ጊዜ የደቂቃዎች ወይም የሰዓታት ጉዳይ ነው። ያን ጊዜ ከሰው ጋር ሆኖ ማሳለፍ ሕይወት ያተርፋል።

የደከመኝ ሥራው ነው ወይስ ታምሜያለሁ?

ሁለቱ ይቀላቀላሉ፤ ግን አንድ አይደሉም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. በርንአውትን ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት ብሎ መዘገበው እንጂ በሽታ አላለውም። ሦስት መልክ አለው፦ ሰውነትና መንፈስ መዛል፣ ከሥራውና ከታካሚው መራቅ («አልጋ ቁጥር 6» ብቻ ሆኖ ስሙ መጥፋቱ)፣ እና የምሠራው ምንም አይረባም የሚል ስሜት። ድባቴ ግን ሕመም ነው። ቢያንስ ለሁለት ሳምንት፣ አብዛኛውን ቀን፣ ሐዘን ወይም የነበረን ፍላጎት ማጣት ይኖራል፤ ከዚያ ጋር የእንቅልፍ፣ የምግብ ፍላጎት፣ የጉልበት፣ የትኩረት መዛባት፣ ራስን መውቀስና የሞት ሐሳብ ይመጣሉ።

ቀላል መለያ አለ። ለፋሲካ አምስት ቀን ወደ ቤተሰብ ሄደው ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ ቀለል ካለዎት የሚያደክምዎት በአብዛኛው ሥራው ነው። ዶሮው ቀርቦ፣ ሰው ሁሉ እየሳቀ፣ እርስዎ ግን ምንም ካልተሰማዎት ሕመሙ ተከትሎዎት መጥቷል ማለት ነው።

ድባቴን ለመለየት በአማርኛ ተተርጉሞ የሚሠራበት ፒኤችኪው-9 የሚባለው መጠይቅ ይጠቅማል። ዘጠኝ ጥያቄ ነው፤ ውጤቱ ከ0 እስከ 27 ይሄዳል፤ 10 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ባለሙያ ማየት ያስፈልጋል። እዚህ ላይ የሚሠራውን ስሕተት ልብ ይበሉ። ብዙ ሰው ድምሩን ብቻ አይቶ «7 ነው፣ ቀላል ነው» ብሎ ያልፈዋል። ዘጠነኛው ጥያቄ ስለ ሞትና ራስን ስለመጉዳት የሚጠይቀው ነው። እሱ ላይ ከ0 ሌላ ማንኛውም መልስ ካለ፣ ድምሩ ስንትም ይሁን ስንት፣ በዚያው ዕለት ከሰው ጋር መነጋገር ያስፈልጋል።

የጤና ባለሙያ ከሌላው ሰው ይልቅ ለዚህ አደጋ ይጋለጣል?

በዓለም ላይ በየዓመቱ ከ720,000 በላይ ሰዎች ራሳቸውን ያጠፋሉ። በ2024 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ ከ20 ሀገራት መረጃ የሰበሰበ ጥናት ሴት ሐኪሞች ከሌሎች ሴቶች ጋር ሲነጻጸሩ ስጋታቸው በ76 በመቶ ከፍ ብሎ አግኝቶታል፤ በወንዶቹ ላይ ግን ያን ያህል የጎላ ልዩነት አልታየም። ይህ የሌሎች ሀገራት ሐኪሞች ቁጥር ነው፤ እንዳለ ወደ ባሕር ዳር ነርስ አይዛወርም።

ምክንያቶቹን ግን እዚህ የሚሠራ ሁሉ ያውቃቸዋል። የጤና ባለሙያ መድኃኒት ከእጁ አይርቅም። ሞትን በየቀኑ ያያል፣ የሟችን ቤተሰብ የሚያረዳውም እሱ ነው። ማዳን እየቻለ ደም ወይም ኦክስጅን አጥቶ ሰው ሲሞት ቆሞ ያያል፤ ይህ ከድካም የተለየ፣ ሕሊናን የሚያቆስል ነገር ነው። የጣና ዳርቻ ደግሞ የራሱ የሥራ ወቅት አለው። ክረምቱ ወጥቶ ውኃው ሲያቁር ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ወባ ይበረታል፤ ጤና ጣቢያው ይጨናነቃል፤ የዓመት ፈቃድም በዚያ ወቅት ይከለከላል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ ያለው ግጭት መንገድ ሲዘጋና ኔትወርክ ሲያቋርጥ ሪፈር የሚጻፍለት ታካሚ መሄጃ ያጣል፤ የባለሙያው ልብም ሩቅ ካለ ቤተሰቡ ጋር ነው። በዚህ ሁሉ ላይ ኪራይና ደመወዝ አለመገናኘታቸውን ይጨምሩበት።

ራስን ማጥፋት አንድ ምክንያት ብቻ ኖሮት አያውቅም። «ደመወዙ ነው የገደለው» ወይም «ፍቅረኛዋ ነው» የሚለው ወሬ ቀሪውን ያሳስታል።

በባልደረባዬ ላይ ምን ልይ?

ለውጥን ይዩ። ሁሌም ዝም የሚል ሰው ዝም ቢል ምልክት አይደለም፤ ዎርዱን በሳቅ የሚሞላው ሰው ከሦስት ሳምንት ወዲህ ብቻውን ምሳ ከበላ ግን ምልክት ነው። ርክክብ ላይ ማርፈድ፣ ቻርት ሳይሞላ መተው፣ ሁልጊዜ የማታ ተራ መጠየቅ (ሰው ላለማየት)፣ በትንሽ ነገር አስታማሚ ላይ መጮኽ፣ «ሸክም ሆንኩባችሁ»፣ «ብተኛና ባልነቃ» የሚሉ ቃላት፣ ዕቃ ማደል፣ ብድር መዝጋት፣ እንደ ስንብት ያለ መልእክት። ተጨንቆ የከረመ ሰው በድንገት ሰላም የሰፈነበት ቢመስልም ቀርበው ይጠይቁት፤ እፎይታው የመዳን ላይሆን ይችላል።

በተለይ ንቁ የሚሆኑባቸው ቀኖች አሉ፦ የእናት ወይም የሕፃን ሞት በደረሰ ማግስት፣ ባለሙያው በስሕተት ተጠርጥሮ ደብዳቤ በተጻፈበት ሳምንት፣ አስታማሚ ከደበደበው በኋላ፣ ከአእምሮ ሕክምና አልጋ በወጣባቸው የመጀመሪያ ሳምንታት።

በቀጥታ ብጠይቀው ሐሳቡን እኔ አላስገባበትም?

አያስገቡበትም። መጠየቅ ሐሳቡን እንደማይፈጥር ጥናቶች ደጋግመው አሳይተዋል፤ አብዛኛው ሰው ሲጠየቅ ይቀለዋል። የሚጎዳው አጠያየቁ ነው። «መቼም እንዲህ ያለ ሞኝነት አታስብም አይደል?» ብሎ የጠየቀ ሰው «አላስብም» የሚለውን መልስ አብሮ ሰጥቷል።

በርክክብ መካከል ወይም ኮሪደር ላይ አይጠይቁ። ሻይ ይዛችሁ ወደ ሐይቁ ዳር ብትወጡ፣ ጎን ለጎን መቀመጥ ፊት ለፊት ከመተያየት ይልቅ አፍ ያስከፍታል። ያዩትን ይናገሩ፤ ከዚያ ይጠይቁ፦ «ሲስተር፣ ከዚያ ሌሊት ወዲህ እንቅልፍ እንደሌለሽ አይቻለሁ። እንዲህ ሲከብድ አንዳንድ ሰው ራሱን ማጥፋት ያስባል። አንቺስ አስበሻል?» በዕድሜ ወይም በማዕረግ ለሚበልጥዎ ሰው «እርስዎስ?» ይበሉ እንጂ ጥያቄውን አያለዝቡት፤ «ራስን መጉዳት» ብለው ቢያድበሰብሱት መልሱም የተድበሰበሰ ይሆናል። ከጠየቁ በኋላ ዝም ይበሉ። ዝምታው ይረዝማል፤ ይታገሡት።

«አዎ፣ አስቤያለሁ» ካለኝስ?

መጀመሪያ «ስለነገርከኝ አመሰግናለሁ» ይበሉ። «ልጆችህን አስብ»፣ «ኃጢአት ነው»፣ «ከአንተ የባሰ አለ» አይበሉ፤ ሦስቱም ሰውየው ራሱን ቀድሞ የወቀሰባቸው ናቸው።

ቀጥሎ አራት ነገር ይጠይቁ፦ እንዴት እንደሆነ አስቦበታል? ያሰበበት ነገር በእጁ አለ ወይስ በቀላሉ ያገኘዋል? መቼ የሚል ቀን ወይም ሰዓት አለው? ከዚህ በፊት ሞክሮ ያውቃል? ሐሳብ ብቻ ካለና ዕቅድ ከሌለው በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ከአእምሮ ጤና ባለሙያ ጋር ያገናኙት፤ በየመሐሉም ይደውሉለት። ዕቅድ፣ መንገዱና ጊዜው ካሉት ወይም በቅርቡ ሞክሮ ከነበረ ግን ድንገተኛ ነው፤ እንደ ማንኛውም ሲሪየስ ታካሚ ያስቡት። ብቻውን አይተዉት፣ «ልብሴን ልቀይርና እመጣለሁ» ቢልም አብረውት ይሂዱ። የመድኃኒት ክፍል ቁልፍ በእጁ ካለ በክብር ይቀበሉት። ተራውን ሌላ ሰው ይያዝ።

ከዚያ የሚመጣው ብዙዎች የሚሳሳቱበት ነው። ባለሙያ ለባለሙያ ሲያዝን «ሂድና ሳይካትሪ ታይ» ብሎ ወረቀት ሰጥቶ ያሰናብተዋል። ታካሚ ስናስረክብ ግን እንዲህ አናደርግም፤ ተቀባዩ ቆሞ ስሙን፣ ሁኔታውንና ቀጣዩን ሥራ ሰምቶ «ተረክቤያለሁ» እስኪል እንጠብቃለን። ባልደረባችሁንም እንደዚሁ አስረክቡት፦ አብራችሁ ሂዱ፣ ለሚቀበለው ባለሙያ ባልደረባችሁ ባለበት የነገራችሁን ንገሩት፣ ሌሊት ማን አጠገቡ እንደሚያድር በስም ይታወቅ፣ ነገ በስንት ሰዓት ማን እንደሚደውል ይወሰን። ሰው የሚጠፋው በሁለት ተረኞች መካከል ባለው ክፍተት ነው።

«ለማንም እንዳትነግር» ብሎ ቢያስምልዎ አይማሉ። «ላንተ ደኅንነት ለሚያስፈልገው ሰው ብቻ እነግራለሁ፤ ለማን እንደምነግር አብረን እንመርጣለን» ይበሉት።

የደኅንነት ዕቅድ የሚባለው ምንድን ነው? እንዴት ይጻፋል?

በአንድ ገጽ የሚጻፍ፣ ስድስት ክፍል ያለው፣ ሰውየው በራሱ ቃል የሚሞላው ወረቀት ነው። «ራሴን ላላጠፋ ቃል እገባለሁ» የሚል ፊርማ አይደለም፤ ያ እንደሚያድን አልታየም። በግማሽ ሰዓት አካባቢ ይሞላል፤ በስልክ ፎቶ ተነሥቶ ይያዛል።

1. ሐሳቡ ሊመጣ ሲል የማውቅበት ምልክት። «ሳዝን» አይበቃም። «ከማታ ተራ ወጥቼ ከቀኑ 6 ሰዓት ድረስ ሳልተኛ ስገላበጥ» ይባል።
2. ብቻዬን ሆኜ የሚያረጋጋኝ። መታጠብ፣ ዳዊት መድገም ወይም ቁርአን መቅራት፣ ከቤት ወጥቶ መራመድ።
3. ስለ ጉዳዩ ሳላወራ ሐሳቤን የሚያዘናጋኝ ሰውና ቦታ። ሰው የሚበዛበት ካፌ፣ የእኅት ቤት።
4. በግልጽ የምነግረው ሰው። ቢያንስ ሁለት ስም ከስልክ ቁጥር ጋር፤ አንዱ ሌሊት ስልኩን የማይዘጋ።
5. የምደውልለት ባለሙያና የምሄድበት ድንገተኛ ክፍል።
6. አካባቢዬን የማጸዳበት መንገድ። ከሁሉም ይልቅ የሚያድነው ይህ ነው፤ ብዙ ጊዜ ባዶ የሚቀረውም ይህ ነው። ቤት ውስጥ የተጠራቀመ መድኃኒት ወደ ፋርማሲ ይመለስ። የጦር መሣሪያ ካለ ዘመድ ቤት ይቀመጥ፤ የአረምና የተባይ ኬሚካል ያለበት የገበሬ ቤተሰብ ከሆነ ተቆልፎ ቁልፉ ሌላ ሰው ጋር ይሁን። ያሰበበት ነገር ሲርቅበት አብዛኛው ሰው ወደ ሌላ መንገድ አይሄድም፤ ጊዜ ያገኛል።

የምሠራበት ሆስፒታል ሁሉም ያውቀኛል። የት ልታከም?

ትክክለኛ ፍርሃት ነው። ባሕር ዳር ትንሽ ከተማ ናት፤ የሳይካትሪ በር ላይ የተቀመጠ ነርስ እስከ ማታ ወሬ ይሆናል። መፍትሔው ግን ቅርብ ነው፦ ፈለገ ሕይወት የሚሠራ ጥበበ ግዮን ይታከም፤ ጥበበ ግዮን የሚሠራ ፈለገ ሕይወት። በጤና ጣቢያ ወይም በግል ክሊኒክ የሚሠራ ሁለቱም አሉለት። አስቀድመው በስልክ ተነጋግረው ተመላላሽ ታካሚ ከቀነሰ በኋላ፣ ከሰዓት በኋላ እንዲቀበሉዎ ይጠይቁ። ካርድዎ ከሥራ ባልደረባ እጅ እንዳያልፍ የሚፈልጉ ከሆነ መጀመሪያውኑ ይናገሩ። የታካሚን ምስጢር ያወጣ ባለሙያ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 399 ይጠየቃል፤ ይህ ታካሚው ባልደረባ ሲሆንም አይቀርም።

ራሱን ለማጥፋት የሞከረ ሰው ይከሰሳል?

አይከሰስም። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 542 የሚቀጣው ሌላውን ሰው ራሱን እንዲያጠፋ የገፋፋውን ወይም የረዳውን ነው። ክስ ፈርቶ ባልደረባን ከሕክምና ማሸሽ አያስፈልግም።

መድኃኒቱን አውቀዋለሁ። ራሴ ጽፌ ብጀምርስ?

አይሆንም። የድባቴ መድኃኒት በትክክል ለመሥራት ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይወስዳል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት፣ በተለይ ከ25 ዓመት በታች በሆኑት ላይ፣ መቅበጥበጥና የሞት ሐሳብ ሊጨምር ስለሚችል የሚከታተል ዓይን ያስፈልጋል። ራሱን የሚያክም ሰው ይህን ዓይን የለውም፤ በሁለተኛው ሳምንት «አልሠራልኝም» ብሎ ይተዋል ወይም መጠኑን ይጨምራል። ሐኪምዎን በአንድ ጊዜ የሳምንት ብቻ እንዲያዝልዎ ይጠይቁ። ከተሻለዎ በኋላም ከ9 እስከ 12 ወር ይቀጥላል፤ ሲቆምም ቀስ በቀስ ነው።

ከዱቲ ወጥቼ እንቅልፍ እምቢ ይለኛል። ምን ላድርግ?

እንቅልፍ ማጣት ራሱን ችሎ ራስን የማጥፋት ስጋትን ይጨምራል፤ ስለዚህ እንደ ትንሽ ነገር አይታይ። 17 ሰዓት ሳይተኛ የቆየ ሰው የማመዛዘንና የቅልጥፍና አቅሙ በደሙ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር ይቀራረባል። የመድኃኒት መጠን የሚያሰሉት በዚያ አእምሮ ነው።

ማታ ከመግባትዎ በፊት ከሰዓት በኋላ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይተኙ። ሌሊት ከተቻለ በ7 እና በ10 ሰዓት መካከል ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ያንቀላፉ፤ ከዚያ ካለፈ ሲነቁ ይደነዝዛሉ። ለመተኛት ካሰቡበት ሰዓት 6 ሰዓት ቀድመው ቡናውን ያቁሙ፦ ጠዋት 3 ሰዓት የሚተኛ ሰው የመጨረሻውን ስኒ ከሌሊቱ 9 ሰዓት በፊት ይጠጣ። ከከተማው ወጣ ብሎ ካለው ጥበበ ግዮን ወደ ቤት ሲመለሱ የጠዋት ፀሐይ ዓይንዎን ስለሚያነቃው ጥቁር መነጽር ያድርጉ፤ ሞተር ግን አይንዱ፣ ታክሲ ወይም ባጃጅ ይያዙ። ቤት ሲደርሱ መስኮቱን በወፍራም ጨርቅ ይከልሉ፤ ለአከራይዎና ለቤተሰብ የእንቅልፍ ሰዓትዎን ይንገሩ።

ለመንቃት ጫት፣ ለመተኛት ቢራ ወይም አረቄ የሚለው አዙሪት ብዙ ባለሙያ የገባበት ነው። ጫቱ የእንቅልፉን ሰዓት ይወስዳል፤ ሲለቅ ድብርት ጥሎ ይሄዳል። አልኮሉ ቶሎ ያስተኛል፤ ግን ሌሊቱን ይቆራርጠዋል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ራስን የመግታት አቅምን ያላላል። የሞት ሐሳብ ያለበት ሰው መጠጥ ባለበት ቤት ብቻውን አይደር።

ደቅ ደሴት ወይም ሩቅ ጤና ኬላ ላይ ብቻዬን ብሆንስ?

ከደቅ በጀልባ ካልሆነ መውጫ የለም፤ በሌሊትና ነፋስ ሲበረታ ጀልባም አይነሣም። ስለዚህ ዕቅዱ «ድንገተኛ ክፍል እሄዳለሁ» ብሎ ማለቅ የለበትም። እስኪነጋ አብሮ የሚያድር ሰው ቀድሞ በስም ይታወቅ፦ የሥራ ባልደረባ፣ ጎረቤት፣ የንስሐ አባት። የጤና ጣቢያው የመድኃኒት ቁልፍ ለዚያ ሌሊት ከሌላ ሰው ጋር ይደር። ኔትወርክ በሚቋረጥበት አካባቢ በየቀኑ በተወሰነ ሰዓት አጭር መልእክት የሚለዋወጡት ባልደረባ ይኑርዎ፤ መልእክቱ ሲቀር በማግስቱ ሰው ይላክ። ምልክቱ ቀን ላይ ከታየ ማታን አይጠብቁ፤ በመጀመሪያው ጀልባ አብራችሁ ውጡ።

ጸበል ልሂድ ወይስ ሆስፒታል?

ሁለቱም ይቻላል። አደጋው ጸበል የገባ ሰው መድኃኒቱን ሲያቋርጥ ነው። ካህኑን «መድኃኒቴን እየወሰድኩ ልጠመቅ» ብለው ይንገሯቸው፤ ቀጠሮዎን ይዘው ይሂዱ። ዕቅድና ጊዜ የተቆረጠለት የሞት ሐሳብ ካለ ግን መጀመሪያ ሆስፒታል።

የሕመም ፈቃድ ብወስድ ደመወዜ ይቆረጣል?

በግል ክሊኒክ ወይም ሆስፒታል የሚሠሩ ከሆነ በአዋጅ 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜዎን ከጨረሱ እስከ 6 ወር ፈቃድ አለዎት፦ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ያለ ደመወዝ። የአእምሮ ሕመም ከሌላው ሕመም ተለይቶ አልተቀመጠም። የመንግሥት ሠራተኛ በሌላ አዋጅ ስለሚተዳደር የሰው ኃይል ክፍሉ አንቀጹን በጽሑፍ እንዲሰጥዎ ይጠይቁ። ለኃላፊ የሚቀርበው የሕክምና ማስረጃ የዕረፍቱን ቀናት ቢገልጽ ይበቃል፤ የሕመሙ ዝርዝር እንዲጻፍበት መፍቀድ የለብዎትም።

ማትሮን (ወይም ሜዲካል ዳይሬክተር) ነኝ። በጀት የለኝም፤ ምን ላድርግ?

ገንዘብ የማይጠይቀው ብዙ ነው። የተራ ሠንጠረዡን ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ያውጡ፤ ሰው የሚታመመው ከሥራው ብዛት ይልቅ ነገ የት እንደሚያድር ባለማወቁ ነው ብንል ብዙ አናጋንንም። በሁለት ተራዎች መካከል ቢያንስ 11 ሰዓት ይተዉ። ተከታታይ የማታ ተራ ከሦስት አይብለጥ። የወባው ወቅት ከመድረሱ በፊት፣ በሐምሌና በነሐሴ፣ ሰው ሁሉ ጥቂት ቀን ዕረፍት እንዲያገኝ ያድርጉ። አደገኛ መድኃኒቶች በሁለት ሰው ፊርማ ይውጡ፤ ቆጠራው በየርክክቡ ይደረግ።

የእናት ሞት ሲመረመር ጉዳዩን የያዘችውን አዋላጅ በዚያው ዕለት የሚያገኛት ሰው ይመድቡ፤ ያ ሰው መርማሪው ራሱ አይሁን። ጥፋት ቢኖርም ደብዳቤውን ዓርብ ከሰዓት ሰጥተው ለሁለት ቀን ብቻዋን አይልቀቋት። ጳጉሜን 5 ቀን የሚውለውን የዓለም ራስን ማጥፋት መከላከያ ቀን በፖስተር ማክበር መልካም ነው፤ ፖስተሩ የተሰቀለበት ግድግዳ ሥር ያለ እንቅልፍ 24 ሰዓት የሚቆም ኢንተርን ካለ ግን ሥራው ገና አልተጀመረም።

ባልደረባችን ራሱን አጠፋ። ዛሬ ምን እናድርግ?

ቤተሰቡ ከሰማ በኋላ በዚያው ቀን የሥራ ክፍሉን ሰዎች ሰብስቡ፤ ማንም ከቴሌግራም አይስማ። ሞቱን ንገሩ፤ እንዴት እንደሆነ ግን አትዘርዝሩ፣ ፎቶም ሆነ የተወው ጽሑፍ እንዳይዘዋወር ጠይቁ። ምክንያቱ ለሕዝብ እንዲነገር ቤተሰቡ ካልፈለገ ፈቃዳቸው ይከበር።

በመጨረሻው ተራ አብሮት የነበረው፣ አስከሬኑን ያገኘው፣ በቅርቡ የተጣላው፣ እና ቀድሞም ተጨንቆ የሚታወቀው ሰው በስም ይያዙ፤ እያንዳንዳቸውን በግል የሚያነጋግርና ቀጥታ የሚጠይቅ ሰው ይመደብ። ያን ቀንና ያን ሌሊት ተራቸውን ሌላ ክፍል ይሸፍን። ለቅሶውና ቀብሩ ላይ ለመገኘት ተራ በተራ ፈቃድ ይሰጥ። እድሩ ድንኳኑን ካነሣ በኋላ ያሉት ሳምንታት ከባድ ናቸው፤ በሰባተኛው ቀን፣ በአርባውና በሙት ዓመቱ ማን ማንን እንደሚጠይቅ ከአሁኑ በቀን መቁጠሪያ ላይ ይጻፍ። የሟቹ ሎከር በቤተሰብ ፊት ይከፈት፤ ስሙም ከተራ ሠንጠረዡ ላይ ባልደረቦቹ ሳይነገራቸው አይሰረዝ።